በ38 ዓመቴ ደብተር ልያዝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 38 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 8ኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ 3ኛ ክፍል። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በአንድ ባንክ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ላይ ነኝ። ጡረተኛ የሚበዛበትን ቀን፣ የሴፍቲኔት ክፍያ የሚገባበትን ቀን፣ ከአረብ አገር ሐዋላ የሚበዛበትን ሰሞን፣ ሁሉንም በሰዉ ፊት አውቀዋለሁ።

ከገንደ ቆሬ የሚመጡ አንዲት እማማ አሉ። የባላቸውን ጡረታ ነው የሚወስዱት። መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ሁልጊዜ የልጅ ልጃቸው ይዟቸው ይመጣል። 17 ወይም 18 ዓመት ቢሆነው ነው። ብሩን ለእሳቸው ስሰጥ ልጁ ከእጃቸው ይወስድና ቆጥሮ ኪሱ ይከተዋል። ወራት ሙሉ ዝም ብዬ አየሁ። ታኅሣሥ ላይ ግን አልቻልኩም። «አታፍርም? የእሳቸውን ገንዘብ?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰልፍ ላይ የነበሩትም ደገፉኝ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። እማማ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አይመጡም። ባልደረባዬ መስኮት ላይ ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ረጅም ቢሆንም። እኔ ከሩቅ አያቸዋለሁ። በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣሁ ብልዎት አያምኑኝም።

ለእህቴ ጓደኛ ሳወራት «አንቺ እኮ ሶሻል ወርክ ማጥናት ነበረብሽ» አለችኝ፤ ችግር የገጠማቸውን ሰዎችና ቤተሰቦች የመደገፍ ሙያ ማለቷ ነው። ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ባለቤቴ ግን «በዚህ ዕድሜሽ? ከባንክ ወጥተሽ ስንዴ ልታድዪ?» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። የቤት ብድራችንን የወሰድነው በሠራተኛ ወለድ ስለሆነ ሥራ ብለቅ ምን እንሆናለን ብሎ ነው የሚሰጋው።

እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ጊዜው አልፎብኛል? እንደገና ከዲግሪ መጀመር አለብኝ? ሥራዬን ልልቀቅ? ደግሞስ ልቤ ቶሎ ይሰበራል፤ ለዚህ ሥራ እሆናለሁ?

ካሸሯ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቤቴ፣ አንዴ ወደ ሐረር ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ። አራት ነገር ጠይቀሽኛል። የደንገጎን ዳገት እስክንወጣ ድረስ ግን እኔ የማስበው ያልጠየቅሽውን አምስተኛ ነገር ነበር። እማማ መስኮት የቀየሩት ለምንድን ነው?

ከእሱ ልጀምር። ልትማሪው ያሰብሽው ሙያ እዚያ ውስጥ አለ።

አንቺ ያየሽው የልጁን እጅ ነው። ምናልባት ልክ ነሽ፤ ገንዘባቸውን እየወሰደባቸው ይሆናል። ግን እስቲ ሌላውንም አስቢው። እኚህን እናት ከገንደ ቆሬ እስከ ባንክ የሚያመጣቸው ማን ነው? ባጃጅ ላይ ሲወጡ ማን ይደግፋቸዋል? ማታ መድኃኒታቸውን ማን ያቀብላቸዋል? ብሩን ኪሱ የሚከተው ከፊራ ገበያ ላይ ሌባ እንዳይነጥቃቸው ይሆን? የቤት ኪራይ ሊከፍል ይሆን? ወይስ አንቺ እንደጠረጠርሽው ነው? አንቺ አታውቂም። እኔም አላውቅም። እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸውን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም። ያሳደጉት ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ አዩ። ከዚያ ከእሱው ጋር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ምን እንደተባባሉም አናውቅም።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔ ከዚህ የባሰ አድርጌያለሁ።

ሐረር ውስጥ በአንድ ድርጅት የሶሻል ወርክ ልምምድ ላይ ሳለሁ ነው። 45 ዓመቴ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ መጣችልን። 15 ዓመቷ ነው። እጇ በዘይት ተቃጥሏል። አሠሪዎቿ አባረዋት መናኸሪያ አካባቢ ነው የምታድረው። (እንዳትታወቅ ብዬ አንዳንዱን ዝርዝር ቀይሬዋለሁ።) እኔ ያን ቀን እራት መብላት አቃተኝ። በነጋታው ጫማና ልብስ ገዛሁላት። ከራሴ ኪስ 400 ብር ጨመርኩላት። ወደ ገጠር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ «በቃ፣ ከእናትሽ ጋ ነሽ» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷን እዚያው መናኸሪያ አየኋት።

የምትከታተለኝ ባለሙያ በዕድሜ 8 ዓመት ታንሰኛለች። አልተቆጣችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «መጀመሪያ ከቤት የወጣችው ለምን እንደሆነ ጠየቅሻት?» አልጠየቅኳትም። ልጅቷ ከቤት የወጣችው ሊድሯት ሲሉ አምልጣ ነው። እኔ በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ እጅ፣ ወደሸሸችው ነገር መልሼ ላክኋት። ዛሬም ያን ሚኒባስ ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

ሁለተኛውን ዙር በዝግታ ሄድን። ለሦስት ቀን ያህል ምንም አላወራችም። ሻይ እየጠጣን ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። በአራተኛው ቀን በኦሮምኛ ስለ አክስቷ ነገረችኝ። ድሬዳዋ የምትኖር አክስት አለቻት። ልጅቷ የፈለገችው አክስቷ ጋ ሆና መማር ነበር። ጉዳዩ ከሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ጋር ሆነን አክስትየውን ፈለግን፤ ቤቷን አየን፤ ከሁለቱም ጋር ተነጋገርን። አራት ወር ፈጀ። ያኔ ከኪሴ ያወጣሁት የሻይ ብቻ ነው።

እና እህቴ፣ የልብ ደግነት በድሬ ሞልቷል። ሰው ሲወድቅ ባጃጅ አቁሞ የሚያነሳው፣ የማያውቀውን በሽተኛ ሆስፒታል ድረስ የሚያደርሰው የኛ ሰው ነው። ሙያውን ግን ይማሩታል። ከመርዳትሽ በፊት እንድትጠይቂ ያስተምርሻል። ጠይቀሽም ዝም ብለሽ እንድትጠብቂ። የሰውየውን ችግር ከሰውየው ቀድመሽ እንዳትፈቺ። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ከፈተናውም፣ ከእንግሊዝኛውም በላይ እጄን ከቦርሳዬ ማራቅ ከበደኝ።

አንድ መልመጃ ልስጥሽ። ክፍል ውስጥ ከሚሰጡን የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነበር። ወረቀት ያዢ። መሐል ላይ ክብ ሣዪና እማማን ጻፊ። ዙሪያውን ሌሎች ክቦች ሣዪ፦ የልጅ ልጁ፣ ጎረቤት፣ እድራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ቀበሌው፣ ጤና ጣቢያው፣ ባንኩ። በእሳቸውና በእያንዳንዱ መካከል መስመር አስምሪ። ግንኙነቱ ጠንካራ ከሆነ ወፍራም መስመር፣ ደካማ ከሆነ ነጠብጣብ፣ ጠብ ካለበት ዚግዛግ። ስንቱን መስመር ከልብሽ ታውቂዋለሽ? አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። አንቺ የነካሽው ወፍራሙን መስመር ነው፤ የልጅ ልጁን። ምናልባትም ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው መስኮት የቀየሩት ብዬ የማስበው።

ባለቤትሽ «ስንዴ ልታድዪ» ያለው ከክፋት እንዳልሆነ አንቺም ብለሻል። ሙያውን ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ስላለው ነው። አገራችን ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፍቶ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ በ1974 ተዘጋ። ተመልሶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የተከፈተው በ2004 ነው። መሐሉ 30 ዓመት ነው! አንድ ትውልድ ሙሉ ሶሻል ወርከር ሳያይ አደገ። ድርቅ ሲመጣ ያየው እህል የሚያድል ሰው ነው፤ «እርዳታ» ማለት ያ መሰለው። ባለቤትሽ የዚያ ትውልድ ልጅ ነው። እኔም ነኝ።

ሥራው ራሱ ግን ለእኛ አገር ባዳ አይደለም። እድር አለን። ለቀብር ተብሎ የተቋቋመ እድር በኤችአይቪው ዘመን ስንቱን በሽተኛና ስንቱን ወላጅ አልባ ልጅ እንደደገፈ ያየነው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ አፎቻ አለ። ሐረሪዎች ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰቡበት ነው፤ የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። እኔ ሐረር ስሠራ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ወድቀው ቢገኙ መጀመሪያ የምጠይቀው «አፎቻቸው የትኛው ነው?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ከየትኛውም ቢሮ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ተምረሽ የምትወጪው ይሄን ልትተኪ አይደለም። አፎቻው የማይደርስበትን፣ እድሩ የማይችለውን ነገር ልትሞዪ ነው። ለምሳሌ ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ዱላ። ጎረቤት ያውቃል፤ እድሩም ያውቃል። ማን ይናገር?

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ።

እንደገና ከዲግሪ አትጀምሪ። እኔ የጀመርኩት ዲፕሎማ ብቻ ስለነበረኝ ነው። በአንድ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በ39 ዓመቴ ሶሲዮሎጂ በዊኬንድ ገባሁ፤ በ44 ዲግሪዬን ያዝኩ። ከዚያ ሶሻል ወርክን በሁለተኛ ዲግሪ በርቀት ቀጠልኩ፤ ለፈተና አዲስ አበባ እየተመላለስኩ። አንቺ ዲግሪው አለሽ። አካውንቲንግ ቢሆንም ለሁለተኛ ዲግሪ ሶሻል ወርክ የሚቀበልሽ መኖሩን ጠይቂ፤ ከሌላ ሙያ የመጡ ሰዎች አብረውኝ ተምረዋል። ነርስ ነበረች፣ አስተማሪ ነበረ፣ አንድ ፖሊስም ነበር። አሁን አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ቁጥርና አመክንዮ ስላለበት ለአንቺ አይከብድሽም። እንግሊዝኛውን ከዛሬ ጀምረሽ አንብቢ። ካልተቀበሉሽና ከመጀመሪያ ዲግሪ ልጀምር ካልሽ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንዳለ አትርሺ። አራት ዓመት ከፍለሽ የመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ የምታስቢው ነገር እንዳይሆን።

አንድ ነገር አደራ። በየግድግዳው ማስታወቂያ አለ፤ «ሶሻል ወርክ በርቀት፣ በአጭር ጊዜ» የሚል። ብር ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ ራሱ ብቻ ሳይሆን ያ ትምህርት፣ በዚያ ቅርንጫፍ፣ በዚያ ደረጃ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጪ። የማውቃት ሴት ሦስት ዓመት ተምራ ወረቀቷ የትም አልተቀበላትም። ያንን ልቅሶ አይቻለሁ። ሌላም ጠይቂ፦ የመስክ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው? የሚከታተለኝ ማን ነው? «ልምምድ የለውም፣ ሞጁል ብቻ ነው» ካሉሽ ተመለሺ። ይህ ሙያ ሌላ ሰው እየተከታተለሽ፣ እየታረምሽ ነው የሚለመደው። እኔ ያን ሚኒባስ ከሞጁል አልማረውም ነበር።

ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን አትልቀቂ። የብድር ውልሽን አውጥተሽ ቃል በቃል አንብቢው። ሥራ ስትለቂ ወለዱ ወደ ተራ ደንበኛ ይቀየራል ይላል? ከመቼ ጀምሮ? የወር ክፍያው ስንት ይሆናል? አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ፤ በወረቀት አስሊው። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ያንን ቁጥር እዩት። ፍርሃቱ ቁጥር ሲሆን ይቀንሳል፤ ወይም ደግሞ ልክ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሁለቱም ይጠቅምሻል።

ደመወዙንም አልደብቅሽም። ከባንክ ያንሳል። መንግሥት ቤት ቋሚ ነው፣ ግን ትንሽ ነው። የድርጅቶቹ ሻል ይላል፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። እኔ ሁለት ጊዜ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ አንዴ 5 ወር፣ አንዴ 7። ለትምህርት ቤት ክፍያ የረዳኝ እቁብ ነው። በሳምንት 300 ብር እጥል ነበር። ሰብሳቢዋን ለምኜ ዕጣዬን ሁልጊዜ በምዝገባ ሰሞን ታደርግልኝ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ አልበቃ ሲል አንድ የወርቅ አምባሬን ሸጥኩ። የእናቴ ነበር። አልቆጨኝም፤ ግን ቀላል ነበር አልልሽም።

ስለ ዕድሜ። ክፍል ውስጥ ከመምህሩ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ «እማዬ» ይሉኝ ጀመር፤ ቆይቶ ወደድኩት። የመጀመሪያ አሳይመንቴ ሲ ነበር። 18 ዓመት ሙሉ ከደረሰኝና ከሪፖርት ሌላ ጽፌ አላውቅም፤ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ለመጻፍ አንድ ሌሊት ፈጀብኝ። የጥናት ሰዓት ደግሞ የት ይገኛል? ድሬን ታውቂያታለሽ። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ከተማዋ ትተኛለች። ቅዳሜ ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ሲቀመጥ እኔ ሌላኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። ሁለታችንም እስከ 11 ሰዓት አንነሳም። ቀሪውን ያነበብኩት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ደንገጎ ጥምዝምዙ ላይ ማንበብ ያስመልሳል፤ ስለዚህ ከአዴሌ ጀምሬ እስከ አወዳይ። ያችን 20 ደቂቃ በምንም አልለውጣትም ነበር።

14 ዓመት የባከነ እንዳይመስልሽ። መስኮት ላይ የተማርሽውን እኔ ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም። ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ታያለሽ። አንዲት ሴት ባሏ ከኋላ ቆሞ እያየ ስትፈርም ፊቷ ላይ ያለውን ታያለሽ። የከተማ ሴፍቲኔት በመጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል፤ ክፍያው በባንክ ሒሳብ ሲገባ ማን በደስታ እንደሚያወጣው፣ ማን ካርዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ እንደሚሰጥ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞ ቋንቋ አለሽ። አልጻፍሽልኝም፤ ግን 14 ዓመት ድሬ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ኦሮምኛም ሶማልኛም ሳይለምድ አይቀርም። ለዚህ ሥራ ያ ትልቅ ሀብት ነው። ያቺ ልጅ በአማርኛ ብጠይቃት ኖሮ ስለ አክስቷ አትነግረኝም ነበር።

ሕግ ግን ብዙ ይቀርሻል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ከከተማ ወጣ ስትዪ የኦሮሚያ ሕግ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሐረር የራሷ አላት። የጋብቻ ዕድሜ በሦስቱም 18 ነው፤ የምትሄጂበት ቢሮና ፍርድ ቤት ግን ይለያያል። በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ሦስት አስተዳደር! አንዲት ልጅ ገጠር ተወልዳ፣ ሐረር ተቀጥራ፣ ድሬ አክስት ካላት ጉዳይዋ ሦስቱም ጋ ነው። ይህን መንገድ ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው።

ልብሽ ቶሎ ስለመሰበሩ። ይሄኛውን ሳነብ ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ ታስታውሺው ይሆናል። እኔ 34 ዓመቴ ነበር። ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው ተብዬ በመጠለያው ድንኳን ስም እንድመዘግብ ተመደብኩ። ብርድ ልብስ እቆጥራለሁ፤ ስም እጽፋለሁ። አንድ ሰውዬ በየቀኑ ጠዋት ይመጣል። ሚስቱ ተቀብራለች፤ ራሱ ነው የቀበራት። ግን መዝገቡ ላይ ስሟ እንዲጻፍ ፈልጎ ጻፍኩለት። ከዚያ በየቀኑ እየመጣ «አንብቢልኝ» ይለኛል። አነብለታለሁ። አመስግኖኝ ይሄዳል። እኔ በየቀኑ ድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቅስ ነበር። ምን ማለት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ብዬ በጣም ተመኘሁ። ከዚያ ደብተር እስክይዝ 5 ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው።

የሚሰበር ልብ ከዚህ ሥራ አያስወጣሽም። ብቻውን እንዳይሰበር ግን መጠበቅ አለብሽ። ለዚህ ነው ሱፐርቪዥን የሚባለው ነገር ያለው። በሳምንት አንዴ ከሚከታተልሽ ሰው ጋር ተቀምጠሽ ያየሽውን ታወሪያለሽ፤ የተሳሳትሽውን፣ ያስለቀሰሽን ሁሉ። ለሥራ ስትወዳደሪ ይሄ ያለበትን ቦታ ምረጪ። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብም አለ። ከሐረር ስመለስ ደንገጎ ላይ መንገዱ ወደ ታች ሲዞር ድሬ ከሩቅ ትታያለች። ሙቀቷም ይቀበልሻል፤ ሹራቤን አወልቃለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አላስብም። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ብዙ ቀን ግን ይሳካል።

ባለቤትሽን አትከራከሪው። የኔው የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስለ ትምህርቴ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልጎተጎትኩትም። አንድ ቀን ማታ ሳነብ ሻይ አፍልቶ አጠገቤ አስቀመጠና ወጣ። ያኔ ገባኝ።

ከምዝገባ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊ እፈልጋለሁ። ለሦስት ወር በየቅዳሜው በበጎ ፈቃድ አንድ ቦታ አገልግዪ። አረጋውያን የሚረዱበት ይሁን፣ የልጆች ማቆያ ይሁን፣ ሆስፒታል ይሁን፤ ድሬ ውስጥ አይጠፋም። ገንዘብ እንዳትሰጪ። ልብስ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ከሦስት ወር በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ስትነሺ አሁንም መሄድ ካሰኘሽ ማመልከቻውን ሙዪ።

እማማን በተመለከተ። በሚቀጥለው ክፍያ ባልደረባሽ መስኮት ላይ ሲሰለፉ አትጥሪያቸው። ሒሳባቸውንም ከፍተሽ አትዪ፤ አንቺ ስላወቅሽ ብቻ የማየት መብት የለሽም። ወንበር አምጥተሽ አስቀምጫቸውና ሂጂ። ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ «ባለፈው በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም፤ ይቅርታ» በዪው፣ ቀስ ብለሽ፣ ለእሱ ብቻ። ሌላ አትጨምሪ። አንድ ቀን ወደ መስኮትሽ ከተመለሱና ልጁ ራቅ ብሎ ከቆመ «እማማ፣ ቤት እንዴት ነው? ማን አለ ከእርስዎ ጋር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። ሰልፉ ቢረዝምም ትንሽ ዝም በዪ።

የሚሉሽን ለእኔ አትጻፊልኝ፤ የእሳቸው ነው። ቅዳሜዎቹ እንዴት እንደሆኑ ግን ጻፊልኝ።